እርሻውና ጫካው፦ ከባሱንዳ እስከ ዲንደር ቤተሰብ ምን ያያል?

ልጆችን ይዞ ገጠር ወርዶ እርሻ ማሳየት፣ በዚያውም የዱር እንስሳ የሚጠበቅበትን ቦታ ማስጎብኘት በብዙ አገር በአንድ ግቢ ውስጥ የሚያልቅ ነገር ነው። በር ላይ ትኬት ይቆረጣል፣ ልጆች ፍየል ይመግባሉ፣ ከአጥር ወዲያ የተኛ አንበሳ ያያሉ። በሱዳን ምሥራቃዊ ድንበር እንዲህ ያለ ግቢ የለም። ያለው ከዚያ የሰፋ ነገር ነው፤ ዓይን እስኪደክም የተዘረጋ የሰሊጥና የማሽላ እርሻ፣ ከእርሻው ማዶ ደግሞ አንበሳና ጎሽ የሚኖሩበት ጥብቅ ጫካ። ባሱንዳ የምትባለው አካባቢ በሁለቱ መካከል ናት። የገዳሪፍ ግዛት አካል ስትሆን በምሥራቅ ከምዕራብ ጎንደር ጋር ትዋሰናለች፤ ወደ ደቡብ ምዕራብ ሲወርዱ ዲንደር ብሔራዊ ፓርክ ይገኛል። እርሻውንና ጫካውን ለየብቻ ማየት ይቻላል። ልጅ በደንብ የሚገባው ግን ሁለቱ እንዴት በአንድ ውኃና በአንድ መሬት እንደሚኖሩ፣ የት ላይ እንደሚጋጩም ሲነገረው ነው።

ከእርሻው እንጀምር። በገዳሪፍ ትራክተር ገብቶ ሰፊ እርሻ የተጀመረው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን፣ በ1940ዎቹ አጋማሽ እ.ኤ.አ. ነው። ዓላማው ለእንግሊዝ ጦር ማሽላ ማቅረብ ነበር። መሬቱ የሚለካው በፈዳን ነው፤ አንድ ፈዳን 0.42 ሄክታር ገደማ ይሆናል። ለአንድ ባለሀብት የሚሰጠው ደግሞ በተለምዶ 1,000 ፈዳን ነበር። ጎጃም ወይም ወሎ ውስጥ በጥማድ የሚለካ ማሳ ለለመደ ሰው ይህ ስፋት ለማመን ይከብዳል። አፈሩ ጥቁር ዋልካ ነው፤ ክረምት ላይ መኪና ይውጣል፣ በጋ ላይ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል።

ቤተሰብ እርሻውን ማየት ያለበት ከመስከረም አጋማሽ እስከ ጥቅምት፣ ሰሊጥ ሲታጨድ ነው። ሰሊጥ ጊዜ አይሰጥም። ማሳው ላይ እንደቆመ ከደረቀ የፍሬው መያዣ ይከፈትና ዘሩ ረግፎ መሬት ላይ ይቀራል፤ ስለዚህ ገና ቢጫ መሆን ሲጀምር በእጅ ይታጨዳል። አጫጁ ጎንበስ ብሎ በግራ እጁ እፍኝ ሙሉ አገዳ ይይዝና በማጭዱ ከሥሩ ይቆርጠዋል። የታሰሩት ነዶዎች አናታቸውን ወደ ላይ አድርገው እርስ በርስ ተደጋግፈው ይቆማሉ። ይህን ክምር መተማም ሁመራም ሂላ ይሉታል። ሂላው ሁለት ሳምንት ያህል ፀሐይ ከመታው በኋላ ሥሩ አጠገብ ሸራ ይነጠፋል፤ ነዶው አንድ በአንድ እየተገለበጠ በዱላ መታ መታ ይደረጋል፤ ዘሩም እየተንጣጣ ሸራው ላይ ይወርዳል። ልጅ እዚህ ቆሞ ይህን ካየ፣ ዘይቱና ሃላዋው ከየት እንደመጣ ዳግመኛ አይጠይቅም።

ይህን ሁሉ የሚሠራው በአብዛኛው ሳሉግ ነው፤ ከጎንደር፣ ከጎጃምና ከትግራይ ለወቅት ሥራ ወደ ቆላ የሚወርደው ሰው። ድንበሩን ተሻግሮ ገዳሪፍ ድረስ የሚሄደውም ብዙ ነው። ለጉብኝት የሚሄድ ሰው ማሳው የሰው ላብ የፈሰሰበት መሆኑን ልጆቹን አስቀድሞ ሊነግራቸው ይገባል፤ ባለቤቱን ወይም የሥራ መሪውን ሳያስፈቅዱ ማሳ ውስጥ አይገባም፣ ሠራተኛን ሳይጠይቁ ፎቶ አይነሣም። ሂላ ሥር ጊንጥና እባብ ስለሚጠለል ልጆች ክምሩ ላይ እንዳይጫወቱ መከልከል ያስፈልጋል።

ማሽላው ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ይቀጥላል። በዚያ ወቅት ሰማዩን የሚያጨልም የግሪሳ መንጋ ሊያጋጥም ይችላል። ግሪሳ ድንቢጥ የምታህል ወፍ ናት፤ ብቻዋን ምንም አታደርግም፣ በመንጋ ስትመጣ ግን ማሽላውን ራቁቱን አስቀርታው ትሄዳለች። ጎጆዋን የምትሠራው ግራር ላይ፣ ከእርሻው ውጭ ነው። እርሻና ጫካ እዚህ አገር እንዴት እንደተሳሰሩ ልጅ መጀመሪያ የሚያይባት እንስሳም እሷ ናት።

አሁን ወደ ጫካው። ዲንደር ጥብቅ ቦታ የሆነው በ1935 እ.ኤ.አ. ነው። ስፋቱ 10,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን በገዳሪፍ፣ በሴናርና በብሉ ናይል ግዛቶች ላይ ይዘረጋል። ዩኔስኮ በ1979 እ.ኤ.አ. የሰውና የተፈጥሮ ጥብቅ ክልል ብሎ መዝግቦታል፤ በ2005 እ.ኤ.አ. ደግሞ የራምሳር ስምምነት የሚጠብቀው ረግረግ ሆኗል። በፓርኩ የሚያልፉት ሁለት ትልልቅ ወንዞች፣ ዲንደርና ረሃድ፣ ከእኛ ደጋ የሚነሡ ናቸው። ዲንደር በኢትዮጵያ በኩል አይማ፣ ረሃድ ደግሞ ሽንፋ ይባላል። ዓመቱን ሙሉ አይፈሱም፤ ክረምት ላይ ሞልተው በበጋ ወገባቸው ይቆረጥና አሸዋና ኩሬ ብቻ ይቀራል።

የፓርኩ ሕይወት ያለው ግን ከወንዙ ይልቅ ማያ በሚባሉት ቦታዎች ነው። ወንዙ በሜዳ ላይ እየተጠማዘዘ ሲሄድ አንዳንዴ አቋርጦ አዲስ መንገድ ያወጣል፤ ትቶት የሄደው የቀድሞው መታጠፊያ ጎድጓዳ ሆኖ ይቀራል። በክረምት ጎርፍ ይሞላዋል። ወንዙ ሲደርቅ ማያው ውኃውን ይዞ ይቆያል፤ ውኃው በሸሸ ቁጥር ጠርዙ ላይ ለምለም ሣር ይወጣል። በዙሪያው ያለው ሣር ሁሉ ደርቆ ወይም ተቃጥሎ ባለበት በየካቲትና በመጋቢት፣ አረንጓዴ ሆኖ የሚታየው ይህ ጠርዝ ብቻ ነው። ቦሆርና ደፈርሳ ወደዚያ ይመጣሉ፣ ከርከሮ ቤተሰቡን አስከትሎ ይመጣል፣ ጎሽ አመሻሹ ላይ ይደርሳል። አባ ኮዳ ጥልቀት በሌለው ውኃ ውስጥ ቆሞ፣ እየጠበበ በሚሄደው ኩሬ የታፈነውን ዓሣ ይለቅማል። ጅግራና ዝንጀሮ ከዛፍ ሥር አይጠፉም። ጉብኝቱ ጠዋት ገና ፀሐይ ሳትጠነክር ማያ ዳር መቀመጥ ነው እንጂ በመኪና ጫካ ለጫካ መሮጥ አይደለም። ለትንሽ ልጅ አንድ ሰዓት ዝም ብሎ መቀመጥ ከባድ ቢሆንም፣ እንስሳቱ ሰው መኖሩን ረስተው ሲመጡ ማየት የሚቻለው እንዲህ ብቻ ነው።

ፓርኩ ለጎብኚ የሚመቸው ከጥር እስከ ሚያዝያ ነው፤ ክረምት ሲገባ ዋልካው መንገድ ይዘጋል። ዋናው የጥበቃ ካምፕ ገለጉ ይባላል፤ ቦታው ስሙን ያገኘው ከኢትዮጵያ በኩል መጥቶ እዚያ ዲንደርን ከሚቀላቀለው ወንዝ ነው። የቋራ ወረዳ ከተማ ገለጎ መሆኗን የሚያውቅ አንባቢ ዝምድናውን ወዲያው ያየዋል።

በድንበሩ በእኛ በኩል ያለው ጫካ አልጣሽ ነው። በቋራ ወረዳ ይገኛል፤ በ1998 ዓ.ም. ብሔራዊ ፓርክ ሆነ፤ 2,665 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሸፍናል። የካርታ መስመር ካልሆነ በቀር ከዲንደር ጋር አንድ ጫካ ነው። በ2008 ዓ.ም. በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ በሃንስ ባወር የተመራና ቦርን ፍሪ ፋውንዴሽን የደገፈው ጥናት ደስ የሚል ዜና ይዞ መጣ፤ አልጣሽ ውስጥ አንበሶች አሉ። በወጥመድ ካሜራ ፎቶ ተነሥተዋል፣ ዱካቸው ተለክቷል። የአካባቢው ሰው ድሮም ያውቃቸው ነበር፤ ለዓለም ግን በማስረጃ የተነገረው ያኔ ነው። ግምቱ በአልጣሽ ከ27 እስከ 54፣ በሁለቱ ፓርኮች አንድ ላይ ከ100 እስከ 200 አንበሳ የሚል ነበር። እነዚህ አንበሶች አጥር የላቸውም፣ የሚመግባቸውም ሰው የለም። ቤተሰብ እዚያ ሄዶ አንበሳ ላያይ ይችላል፤ ዱካውን ጭቃ ላይ ካየ፣ ሌሊት ድምፁን ከሰማ በቂ ነው።

ይህ ጫካ ያለ ችግር የቆመ እንዳይመስል። ሰፋፊው እርሻ ባለፉት አሥርት ዓመታት ወደ ደቡብ ሲገፋ፣ ድሮ ከብት የሚነዳበትን መንገድና የግጦሽ መሬት ወሰደው። ግመልና ከብት ይዘው የሚንቀሳቀሱ አርብቶ አደሮች በበጋ ሣርና ውኃ ያለበት ቦታ ፓርኩ ብቻ ሆነባቸው፤ ስለዚህ ይገባሉ። ከብቱ የማያውን ሣር ይጨርሳል፣ በሽታ ይዞ ይገባል፣ አንበሳ ከብት ሲበላ ደግሞ መርዝና ጥይት ይከተላል። ማር ቆራጩና አዳኙ የሚለኩሱት እሳትም አለ። ቀጭኔ በዲንደር ይታይ ነበር፤ ዛሬ የለም። እኔ በዚህ ጉዳይ አርብቶ አደሩን ብቻ መውቀስ ፍርደ ገምድልነት ይመስለኛል። መንገዱን የዘጋበት ትራክተሩ ነው፤ የሰሊጡን ገንዘብ የሚበላውም ሌላ ሰው ነው። ልጆች ሰሊጡን ሲያዩ ይህም ቢነገራቸው መልካም ነው።

ለመሆኑ አሁን መሄድ ይቻላል? ዲንደርን ለመጎብኘት ጊዜው አይደለም። ሱዳን ውስጥ ሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የተቀሰቀሰው ጦርነት በ2016 ዓ.ም. መጨረሻ እስከ ዲንደር ከተማ ደርሶ ነበር፤ ከተማዋን የሱዳን ጦር መልሶ የያዛት በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ነው። በአማራ ክልል ያለው ግጭትም የቋራና የመተማን መንገድ አስተማማኝ አላደረገውም። ስለዚህ ከላይ የተጻፈው ሰላም ሲመጣ ለሚደረግ ጉዞ ነው።

እዚያው አካባቢ ለሚኖር ወይም ለሥራ ለሚወርድ ቤተሰብ ግን አንድ ነገር ዛሬም ያስፈልገዋል፤ ካላዛርን ማወቅ። በሽታውን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ በዋልካው ስንጥቅና በግራር ጥላ ሥር ውላ ከምሽት ጀምሮ ትነክሳለች፤ ከወባ ትንኝ ስለምታንስ ልጁ መነከሱን ላያውቀው ይችላል። አጎበር ውስጥ ማስተኛት፣ ሲመሽ እጅጌው ረጅም የሆነ ልብስና ረጅም ሱሪ ማልበስ፣ ልጆች ሜዳ ላይ እንዳያድሩ ማድረግ ይረዳል። ከቆላ የተመለሰ ልጅ ትኩሳቱ ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ፣ ከከሳና በግራ ጎኑ ሆዱ ከተነፋ፣ ጣፊያው አብጦ ሊሆን ስለሚችል ሳይውል ሳያድር ሐኪም ቤት ይወሰድ። ቆላ ውሎ እንደመጣም ለሐኪሙ ይነገር። ካልታከመ ይገድላል፤ በጊዜ ከተደረሰበት ይድናል።

እንስሳ በቅርብ ማየት ለሚፈልግ ቤተሰብ አሁን የሚሻለው ወደ ሆለታ መሄድ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ በሚወስደው መንገድ፣ ሆለታ አጠገብ፣ እንስሳ ኮቴ የሚባል 77 ሄክታር የተከለለ ቦታ አለ። የሚያስተዳድረው ቦርን ፍሪ ኢትዮጵያ ነው። ከሕገ ወጥ ነጋዴ የተወረሱ አቦሸማኔዎች፣ በሰው ግቢ ታስረው የተገኙ አንበሶች፣ ጦጣዎችና ሌሎችም እዚያ ያርፋሉ። ወደ ጫካ መመለስ የሚችል ይመለሳል፤ የማይችለው ሰፊ ግቢ ተሰጥቶት ዕድሜውን እዚያ ይጨርሳል። ዶሎ የተባለው አንበሳ ታሪክ ለልጅ የሚነገር ነው። ዶሎ አዶ በምትባል ከተማ ለዓመታት በአጭር ሰንሰለት ታስሮ ኖሯል፤ ሰንሰለቱ ሲፈገፍገው ጋማውን አጥቶ ነበር። እንስሳ ኮቴ ከገባ በኋላ ጋማው መልሶ በቀለ።

በሱዳንም ተመሳሳይ ሥራ ተጀምሮ ነበር። በጥር 2020 እ.ኤ.አ. በካርቱም አል-ቁረሺ መናፈሻ አጥንታቸው የወጣ አንበሶች ፎቶ ዓለምን ሲያስደነግጥ፣ ኦስማን ሳሊህ የተባለ ሰው ሕዝብ አስተባብሮ ካተረፋቸው በኋላ ከካርቱም ወጣ ብሎ መጠለያ ከፈተ። ቤተሰቦችም ይጎበኙት ነበር። ጦርነቱ ሲመጣ መጠለያው በተኩስ መሐል ቀረ፤ የተረፉት እንስሳት በ2016 ዓ.ም. ኅዳር ገደማ ከዚያ ወጥተዋል።

እንስሳ ኮቴ በማንኛውም ሰዓት የሚገባበት አይደለም፤ አስቀድሞ ደውሎ ቀጠሮ መያዝ ያስፈልጋል። የሚጎበኘው በእግርና በአስጎብኚ ነው፤ ስለዚህ ለልጆች የሚመች ጫማ፣ ለሆለታ ብርድ ሹራብ፣ ውኃ ይያዝ። እንስሳን መጥራት፣ ፉጨት፣ ምግብ መወርወር ክልክል ነው። አንዳንዱ እንስሳ ሰው አይቶ ይሸሸጋል፤ አስጎብኚው እንዲያወጣው አይጠየቅ።

ሌላ ቦታ፣ ሆቴልም ይሁን የግል ግቢ፣ የአንበሳ ወይም የአቦሸማኔ ግልገል እያቀፋችሁ ፎቶ ተነሡ ከተባለ ልጆችን ይዞ መውጣት ነው። ግልገሉ እዚያ የደረሰው ከእናቱ ተነጥቆ ነው፤ ሰው እጅ ላይ ያደገ ደግሞ አድኖ መብላት ስለማይማር ወደ ጫካ አይመለስም። በአገሪቱ ሕግ መሠረት የዱር እንስሳ ያለ ፈቃድ ይዞ መገኘት ወንጀል ነው፤ ያየ ሰው ለኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ወይም ለአቅራቢያው ፖሊስ ማመልከት ይችላል።