የዕለት መነሻ በኮምፒውተርና በሸሪዓ አቆጣጠር

አቡ ረይሓን አል-ቢሩኒ «አል-ኣሣሩል ባቂያ» በተሰኘው መጽሐፉ እንዳሰፈረው፣ ዐረቦች ዕለትን ከፀሐይ መግባት ይጀምራሉ፤ ከፀሐይ መውጣት የሚጀምሩ ሕዝቦችም ነበሩ። በሸሪዓ ሌሊት ቀኑን ይቀድማል፤ የመጀመሪያው ተራዊሕ ከመጀመሪያው ጾም በፊት የሚሰገደውም ስለዚህ ነው። የኮምፒውተር ፕሮግራም ግን ዕለትን የሚጀምረው ከሌሊቱ 6 ሰዓት ነው።

አብዛኞቹ ፕሮግራሞች ጊዜን በአንድ ረጅም ቁጥር ይይዛሉ። ይኸውም በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970 መነሻ አንሥቶ በዓለም አቀፉ ሰዓት ያለፈው የሰከንድ ድምር ነው። ለእያንዳንዱ ዕለት 86,400 ሰከንድ ይመደባል። ለአዲስ አበባ 10,800 ሰከንድ፣ ማለትም 3 ሰዓት፣ ታክሎበት ድምሩ ለ86,400 ሲካፈል ቀሪው በዕለቱ ውስጥ ያለንበትን ቅጽበት ያመለክታል።

ስሕተት የሚገባው ሌሊትን ስንለካ ነው። መግሪብ ከምሽቱ 12፡30፣ ፈጅር ከንጋቱ 11፡10 ይሁን እንበል። ለፕሮግራሙ የመጀመሪያው 66,600ኛው፣ ሁለተኛው 18,600ኛው ሰከንድ ነው። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ስለሚያንስ ልዩነቱ ከዜሮ በታች 48,000 ይሆናል። 86,400 ሲደመርበት 38,400 ሰከንድ፣ ማለትም 10 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ይወጣል፤ እውነተኛው ሌሊት ይህ ነው። የሌሊቱ አጋማሽም 5፡50 ላይ ይውላል። የቅነሳ ምልክቱን ብቻ አንሥቶ 48,000ን የሚያካፍል ፕሮግራም ግን አጋማሹን 7፡10 ያደርገዋል። የዒሻን ወቅት እስከ ሌሊቱ አጋማሽ የሚወስነውን ሐዲስ ለሚከተል ሰጋጅ የ1 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ስሕተት ቀላል አይደለም።

ሌሊቱን እስከ ፀሐይ መውጫ የሚለኩም አሉ። ጾም ከፈጅር የሚጀምር በመሆኑ፣ በእኛ እይታ ሚዛን የሚደፋው እስከ ፈጅር ያለው ነው።

በሒጅራው ቀን ላይ ያለው ችግር የበለጠ ስውር ነው። በረመዳን 26ኛው ቀን መግሪብ እንደ ገባ 27ኛው ሌሊት ይጀምራል፤ ስልኩ ግን እስከ 6 ሰዓት «26» እያለ ይቆያል። ለይለቱል ቀድርን በጎዶሎ ሌሊቶች የሚፈልግ ሰው ስልኩን ብቻ ካመነ የሌሊቱ ግማሽ ያመልጠዋል። መፍትሔው የመግሪብን ሰከንድ ለየዕለቱና ለየከተማው አስልቶ፣ ያ ሰከንድ ካለፈ በሒጅራው ቀን ላይ አንድ መጨመር ነው። ለዓመት ሙሉ የማይለወጥ አንድ የምሽት ሰዓት መመደብ አያዋጣም፤ መግሪብ በአዲስ አበባም ቢሆን ከወር ወር ይለዋወጣልና።