በታንኳ ላይ የሚራመድ ሰው፦ ሞመንተምና የእንቅስቃሴ ጉልበት

በላሊበላ የቤተ ጊዮርጊስ ወለል ከላስታ ተራራ አልተነጠለም፤ ሕንፃው የተፈለፈለው ከዚያው አለት ነው። ስለዚህ ተሳላሚው ሲራመድ ወደኋላ የሚገፋው መሬትን ነው። የመሬት መጠነ ቁስ 6 × 10²⁴ ኪሎ ግራም ገደማ በመሆኑ መልሱ አይታይም። በጣና ሐይቅ የደንገል ታንኳ ላይ ግን ያው እርምጃ ወለሉን ያሸሸዋል።

ለስሌት ያህል የውኃው ሰበቃ ይተው። 60 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሰው፣ 30 ኪሎ ግራም በሚመዝንና በቆመ ታንኳ ላይ፣ ከታንኳው አንጻር በሴኮንድ 1 ሜትር ይራመድ። የውጭ ግፊት ስለሌለ ጠቅላላው ሞመንተም ዜሮ ሆኖ ይቆያል። ከዳርቻው ሲታይ ሰውየው በሴኮንድ 1/3 ሜትር ወደፊት፣ ታንኳው 2/3 ሜትር ወደኋላ ይሄዳል። ሦስት ሜትር የተራመደ ሰው ወደ ዳርቻው የሚቀርበው አንድ ሜትር ብቻ ነው።

ብዙ ጊዜ የሚያሳስተው ቀጣዩ ነጥብ ነው። የሁለቱ ሞመንተም በመጠን እኩል ስለሆነ ጉልበቱም እኩል የተከፈለ ይመስላል፤ አይደለም። የእንቅስቃሴ ጉልበት ከፍጥነት ካሬ ጋር ስለሚያድግ ሰውየው 3.3፣ ታንኳው 6.7 ጁል ይይዛሉ፤ ቀላሉ አካል እጥፍ ይወስዳል። ሞመንተም አቅጣጫ ስላለው ይጣፋል፤ ጉልበት አቅጣጫ ስለሌለው ተደምሮ 10 ጁል ይሆናል፤ ምንጩም የእግር ጡንቻ ነው። በአለቱ ወለል ላይ በሴኮንድ 1 ሜትር ቢራመድ ኖሮ 30 ጁሉ ከሞላ ጎደል የእርሱ ብቻ በሆነ ነበር።

በሐይቁ ላይ ታንኳው ጥቂት ውኃ አብሮ ስለሚጎትት ከክብደቱ ይልቅ የከበደ ያህል ይሆናል፤ ሽሽቱም በመጠኑ ይቀንሳል፤ አይጠፋም። ወደ ዳርቻ የሚዘል ሰው ውኃ ውስጥ እንዳይወድቅ ታንኳው አስቀድሞ በገመድ መያዝ አለበት፤ ያን ጊዜ ግፊቱን የሚቀበለው መሬት ነው።