መብራቱ ከመገዛቱ በፊት መደርደሪያው ይለካ

በ2015 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ካናዳ፣ ካልጋሪ ከተማ የምትኖረው ልጄ ሦስተኛዋን ስለ ወለደች ላርሳት ከዳምቦያ ተነሥቼ ሄድኩ። ቤቷ ገብቼ ሕፃኗን ታቅፌ ከተቀመጥኩ በኋላ ዓይኔ ሳሎኑ ጥግ ላይ ያለ መደርደሪያ ላይ አረፈ። ባለ ሁለት ደረጃ ነው። አሥር ማሰሮዎች ተደርድረውበታል፤ አንድ ጤና አዳም፣ አንድ በሶብላ፣ አንድ ኮሰረት፣ አራት ጎመን፣ ሦስት ቃሪያ። ሁሉም ግንዳቸው እንደ ክር ቀጥኖ፣ ቅጠላቸው ገርጥቶ፣ ከመደርደሪያው ጫፍ በመቆንጠጫ ወደ ተሰካች አንዲት ትንሽ መብራት አንገታቸውን አስግገዋል።

የሰባት ዓመቷ የልጅ ልጄ አጠገቤ መጥታ «አያቴ፣ እነዚህ እኮ አገራቸው ናፍቋቸው ነው የሚሞቱት» አለችኝ። ማን እንደ ነገራት ስጠይቃት እናቷ ናት። ልጄ ሦስት ዓመት ተከታትላ ዘርታ፣ ሦስቱንም ዓመት በብርዱ ወራት አልቆባት «የአገራችን ነገር እዚህ አይኖርም» ብላ ደምድማለች። ይህ አባባሏ ስለ ጎመን ብቻ እንዳልሆነ እናት ስለሆንኩ ገብቶኛል። በዚያ በኩል ልመልስላት አልደፈርኩም። ስለ ጎመኑ ግን መልስ ነበረኝ። ናፍቆት አይደለም፣ ረሃብ ነው።

ልጆቻቸው ውጭ የሚኖሩ ወላጆችና አያቶች ይህን ገጽ እንደሚያነቡ ስለማውቅ ያየሁትን ልጻፈው። ከእናንተ መካከል ጤና አዳም ዘር ላኩልኝ ያልተባለ ብዙ አይኖርም። (ዘር ከመላካችሁ በፊት የሚገባበት አገር ሕግ ምን እንደሚል አስጠይቁ፤ ድንበር ላይ ሊወሰድ ይችላል።)

ተክል ምግቡን የሚሠራው በብርሃን ነው። አፈሩና ውኃው ቢሟላለት እንኳ ብርሃን ካነሰው እየራበው ነው። ካልጋሪ ከምድር ወገብ 51 ዲግሪ ወደ ሰሜን ርቃ ያለች ከተማ ናት፤ ታኅሣሥ ላይ አጭሩ ቀን 8 ሰዓት ገደማ ብቻ ነው፣ ፀሐይዋም ከፍ ሳትል ዳር ዳሩን ሄዳ ትጠልቃለች። እኛ ዳምቦያ ላይ 7 ዲግሪ አካባቢ ስለሆንን ቀናችን ዓመቱን ሙሉ ከ12 ሰዓት ብዙም አይርቅም። ጎመናችን ጓሮ ሲያድግ ስለ ብርሃን ማንም አስቦ አያውቅም፤ ስለዚህም ልጆቻችን ከእኛ ያልተማሩት ነገር ይህ ነው።

«መብራት እኮ አለው» አለችኝ ልጄ። እውነቷን ነው፣ ሳሎኑም ለእኔ ዓይን ፏ ብሎ ይታየኛል። ነገር ግን ዓይናችን ያታልለናል። የዓይናችን ብሌን በጨለማ ስለሚሰፋ፣ በብርሃን ስለሚጠብ ልዩነቱን ደብቆ ነው የሚያሳየን። ጥርት ባለ ቀን የቀትር ፀሐይ በሜዳ ላይ 100,000 ሉክስ ገደማ ይሆናል። በማታ አምፖል ጥሩ ሆኖ የበራ ሳሎን 300 ሉክስ ቢደርስ ነው። ከ300 እጥፍ በላይ ልዩነት ያለውን ነገር «ሁለቱም ብሩህ ነው» ብለን እናልፈዋለን፤ ተክሉ ግን አያልፈውም።

ነርስ ሆኜ በኖርኩባቸው ዓመታት ለሕፃን ሽሮፕ ስሰጥ መጀመሪያ ልጁን ሚዛን ላይ አስቀምጥ ነበር። የ6 ኪሎ ሕፃንና የ20 ኪሎ ልጅ አንድ ማንኪያ አይጠጡም። የልጄ መብራት 10 ዋት ነበረች። ለአሥር ማሰሮ 10 ዋት ማለት ለአንድ ማዕድ ሙሉ ሰው አንድ ዳቦ እንደ መቁረስ ነው፤ ሁሉም ቀመሰ፣ ማንም አልጠገበ።

የልጄ ባል ይህን ስነግረው በማግስቱ ሄዶ ሌላ ገዝቶ መጣ። ካርቶኑ ላይ በትልቁ 1000 ተጽፎበታል። «አሁንስ?» አለኝ። ገልብጬ ጀርባውን በመነጽሬ ሳየው፣ በደቃቁ የተጻፈው የሚበላው ኤሌክትሪክ 110 ዋት ነው ይላል። ትልቁ ቁጥር የገበያ ቁጥር ነው። መብራት ለመግዛት የሚሄድ ሰው «በእውነት ከሶኬቱ የሚወስደው ስንት ዋት ነው?» ብሎ ይጠይቅ፤ ሌላውን ይተወው። ዋት ራሱም ቢሆን መብራቱ የሚበላው እንጂ የሚሰጠው አይደለም፤ ግን ከፊት ከተጻፈው ቁጥር ይሻላል።

ደስ ብሎት 20 ሴንቲ ሜትር ላይ ሰቀለው። በአራተኛው ቀን መሃል ላይ የነበሩት ጎመኖች ቅጠላቸው ነጣ፣ ጠርዙም ተጠቀለለ። ዳር ላይ ያሉት ደግሞ እንደ ድሮው አንገታቸውን እንዳሰገጉ ናቸው። የታችኛው ደረጃ ምንም አልደረሰውም። አንዱ ቤት ውስጥ ጠግቦ የታመመና ርቦት የታመመ አብረው አሉ ማለት ነው።

ያን ጊዜ የልጅ ልጄን ጠርቼ ሜትር አምጪ አልኳት። አንዱ የመደርደሪያ ደረጃ 120 ሴንቲ ሜትር ርዝመት፣ 60 ሴንቲ ሜትር ስፋት አለው። 1.2 በ0.6 ሲባዛ 0.72 ካሬ ሜትር ነው። ወረቀት ላይ ጻፈችው። ከዚህ በኋላ ያለው ሒሳብ የአራተኛ ክፍል ሒሳብ ነው፣ ማንም አይፍራው።

ለተክል የሚደርሰው ብርሃን የሚለካው በካሬ ሜትር ላይ በየሰከንዱ በሚያርፈው የብርሃን ቅንጣት ብዛት ነው፤ መለኪያው ማይክሮሞል ይባላል፣ ደህና መብራት ካርቶኑ ላይ ይጽፈዋል። ቅጠላቸው ለሚበላው፣ ለጎመን፣ ለሰላጣ፣ ለበሶብላ፣ ለችግኝ፣ ከ150 እስከ 250 ይበቃል። ፍሬ ለሚሰጡት፣ ለቃሪያና ለቲማቲም፣ ከ400 እስከ 600 ይፈለጋል። ጥሩ የዛሬ ኤልኢዲ መብራት ከእያንዳንዱ ዋት 2 ማይክሮሞል ወይም ከዚያ በላይ ያወጣል። እንግዲህ ለጎመኑ 200 ብንይዝ፣ 0.72 ሲባዛ በ200፣ 144 ነው። ለ2 ሲካፈል 72 ዋት። ወደ ግድግዳውና ወደ ወለሉ የሚፈሰውን ለማካካስ ሩቡን ስንጨምርበት 90 ዋት። ለአንድ ደረጃ 90 ዋት ማለት ነው። ቃሪያውን እዚያው ፍሬ እናሳፍራለን ካልን ደግሞ እጥፉና ከዚያም በላይ ነው።

ስለዚህ የተገዛው 110 ዋት ለላይኛው ደረጃ መጥፎ አልነበረም፤ አሰቃቀሉ ነው የተበላሸው። ወደ 45 ሴንቲ ሜትር ከፍ አደረግነው፣ ኃይል መቀነሻ ቁልፍ ስላለውም ትንሽ ዝቅ አደረግንለት። ብርሃን ከአንድ ትንሽ ነጥብ የሚወጣ ከሆነ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን የሚደርሰው ወደ ሩብ ይወርዳል። ሰፋ ያለ ወይም ረጅም መብራት እንዲህ ቶሎ አይደክምም። ለታችኛው ደረጃ ስለዚህ ረጃጅም የሆኑ 40 ዋት ኤልኢዲዎች ሁለት ገዛን፤ ብርሃኑን ከዳር እስከ ዳር ስለሚያዳርሱ 25 ሴንቲ ሜትር ላይ ሰቀልናቸው። ከኋላና ከጎን ነጭ ካርቶን አቆምን፤ ነጭ ነገር የሚፈሰውን ብርሃን ይመልሳል፣ ዋጋውም ከመብራት ዋጋ ጋር አይወዳደርም።

ርቀት ሲባል አንድ ሌሊት ትዝ ይለኛል። በሠራሁበት አንድ ሆስፒታል ቢጫ የሆኑ ጨቅላዎችን በሰማያዊ ብርሃን እናክም ነበር። አንድ ሕፃን መብራቱ በርቶለት ውሎ አድሮ ቢጫነቱ አልቀነሰም። ለካስ አንድ ሰው ራሱ እንዳይጋጭበት ብሎ መብራቱን ወደ ላይ ሰቅሎታል። ከሩቅ ሲታይ ክፍሉ በሙሉ ሰማያዊ ነው፣ ሕፃኑ ላይ የሚያርፈው ግን የሚበቃው አይደለም። ወደ ቦታው ስንመልሰው ማድረግ ያለበትን አደረገ። ከዚያ ወዲህ መብራት በርቷል ሲሉኝ ከምን ያህል ርቀት ነው እላለሁ።

እዚህ ላይ አራስ ያለበት ቤት ይስማኝ። የተክል መብራት ለሕፃን አይሆንም። ቢጫ የሆነ ጨቅላ ወደ ጤና ተቋም ይሄዳል እንጂ መደርደሪያ አጠገብ አይተኛም። ልጄም «ፀሐይ የማታገኘዋን ልጅ አጠገቡ ባስቀምጣት?» ብላኝ ነበር። አጥንት የሚያጠነክረውን ቫይታሚን ዲ ቆዳችን የሚሠራው በፀሐይ ውስጥ ባለ ሌላ ዓይነት ጨረር ነው፤ እነዚህ መብራቶች በአብዛኛው የላቸውም። እዚያ ሐኪሞቹ የሚያዙትን ጠብታ መስጠት ነው። ልጆችም መብራቱን አፍጥጠው አይዩ፤ ሽቦውና ማከፋፈያው ውኃ ከሚጠጣበት ቦታ ራቅ ይበል።

ሰዓቱን በተመለከተ ለ14 ሰዓት አበራነው፣ ማብሪያና ማጥፊያውን ለታይመር ትተን። አቅም ያነሰው መብራት በሰዓት ይካካሳል፤ 150 ለ16 ሰዓት ሲበራ፣ 200 ለ12 ሰዓት ከበራው ጋር እኩል ነው። ሌሊቱን ሙሉ ማብራት ግን አልወድም፤ ጨለማም ለተክል የሚሠራበት ሰዓት ነው፣ ሳሎን ውስጥ ለሚተኙ እንግዶችም እንዲሁ። የኤሌክትሪኩን ነገር የልጄ ባል አሰላው፤ 90 ዋት ለ14 ሰዓት በቀን 1.26 ኪሎዋት ሰዓት፣ በወር 38 ያህል ነው። ለአንድ ደረጃ ነው ይሄ። ጎመን ከገበያ ቢገዛ ይረክሳል አለ፤ አልተከራከርኩትም።

ልጄ ሌላም ስሕተት ነበራት፣ ይህኛው ከአዘኔታ የመጣ። ተክሎቹ ሲገረጡ ውኃ ትጨምርላቸው ነበር። ብርሃን ያነሰው ተክል የሚጠጣውም ያንሳል፤ የተረፈው ውኃ ሥሩን ያበሰብሳል። የታመመ ልጅ አልበላ ሲል በግድ እንደ ማጉረስ ነው። ኮሰረቱን ስነቅለው ሥሩ ጠቁሮ ይሸታል፣ አልዳነም። የታችኛው ቅጠል ብቻ ቢጫ ከሆነና አፈሩ ርጥብ ከሆነ መብራቱን አትውቀሱ። ግንዱ ተመዝዞ ወደ አንድ ወገን ካዘነበለ ግን ብርሃን ነው ያነሰው።

በአምስተኛው ሳምንት ከጎመኑ ለአንድ ወጥ የሚሆን ቆረጥን። ጤና አዳሙ ከሥሩ አዲስ ቅርንጫፍ አወጣ። የልጅ ልጄ በጣቷ አሻሽታ ስታሸተው እጇን አስታጠብኳት፤ የጤና አዳም ጭማቂ ቆዳ ላይ ቀርቶ ፀሐይ ሲያገኘው ሊያቃጥልና ውኃ ሊያስቋጥር ይችላልና በበጋ ልብ በሉ። ነፍሰ ጡርም አትጠጣው። ቃሪያዎቹ ቅጠል እንጂ አበባ አላሳዩም፤ ሁለቱን ጥለን አንዱን መብራቱ በትክክል መሃል ሥር አስቀመጥነው፤ እኔ እስክመለስ አንድ አበባ ነበረው። ልጄ ስለ ናፍቆት ያለችውን አልደገመችውም። እኔም አላነሣሁባትም።

አሁን ዳምቦያ ነኝ። ጎረቤቶቼ ይህን ስነግራቸው ለእኛም ይጠቅም እንደሆነ ይጠይቁኛል። ደጃችን ላይ ፀሐይ እያለ መብራት መግዛት አልመክርም። የእናቶቻችን ጓሮ ይህን ልክ ከድሮም ያውቀዋል፤ ቡናው በእንሰቱ ጥላ ውስጥ፣ ጎመኑ ፀሐይ በሚያገኘው ደጃፍ። ቤት ውስጥ ማሳደግ የሚፈልግ ግን አንድ ነገር ይወቅ። በሰሜን አገሮች ፀሐይ ዝቅ ስለምትል በደቡብ መስኮት ገብታ ሳሎኑ መሃል ድረስ ትደርሳለች። የእኛ ፀሐይ በቀትር ወደ አናት ስለምትጠጋ ጣሪያውን እንጂ መስኮቱን ብዙም አታገኝም። ስለዚህ የምሥራቅ ወይም የምዕራብ መስኮት ደፍ፣ ከሁሉም በላይ በረንዳው ይሻላል። ከመስኮቱ አንድ ሁለት እርምጃ ወደ ውስጥ የገባ ማሰሮ ለጌጥ ካልሆነ ለምግብ አይበቃም።

ያቺን የ10 ዋት መብራት ልጄ ልትጥላት ስትል ሻንጣዬ ውስጥ ከተትኳት። እንደ እርሷ ያለ ርካሽ መብራት ከአንድ ዋት 1.5 ቢሰጥ 15 ማይክሮሞል ነው። ይህ 30 በ30 ሴንቲ ሜትር ለሆነ አንድ የችግኝ ሳጥን ይበቃል፤ ለአሥር ማሰሮ አነሰች እንጂ ለአንድ ሳጥን ልኳ ነበረች። በበልጉ ዝናብና በዶሮ ምክንያት የቃሪያ ዘር ደጅ መደብ ላይ አልበቅል ስላለኝ፣ መጋቢት ላይ ሳጥኑን ጠረጴዛ ላይ አድርጌ ከአንድ ስንዝር ከፍ ብላ እንድታበራበት አሰርኳት። መብራት ሲጠፋ ሳጥኑን ይዤ በረንዳ እወጣለሁ፣ ሲመጣ እመልሰዋለሁ። የልጅ ልጄ በስልክ ስትደውል መጀመሪያ የምትጠይቀኝ ችግኞቹ ስንት ሴንቲ ሜትር እንደ ደረሱ ነው፤ ሜትሩን ይዤ ነው የማነሣው።