የሌንስ ስሌትና የመለኪያ ስሕተት

ጨረር ከአየር ወደ ብርጭቆ በሰያፍ ሲገባ ይታጠፋል። ቀድሞ የሌንስ ነዳፊዎች የእያንዳንዱን ጨረር መንገድ በእጅ ያሰሉ ነበር፤ ዛሬ ግን ይህን ሥራ የኮምፒዩተር ፕሮግራም በቅጽበት ይፈጽመዋል። ሆኖም ፕሮግራሙ የሚያሰላው የነገሩትን ቅርጽ እንጂ በተግባር የተሠራውን አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ1990 ወደ ሕዋ የተላከው የሀብል ቴሌስኮፕ ንድፉ ትክክል ሳለ ምስሉ ደብዛዛ ሆነ። ምክንያቱም በመፈተሻው መሣሪያ ውስጥ አንድ ሌንስ 1.3 ሚሊሜትር ያህል ከቦታው ስቶ ስለ ነበር፣ 2.4 ሜትር ስፋት ያለው መስተዋት ቅርጹ ተሳስቶ ተሠርቷል። ሊቃውንቱም ያንኑ ስሕተት በስሌታቸው ውስጥ አግብተው ማረሚያ መስተዋቶችን ነደፉ፤ በ1993 ጠፈርተኞች ገጠሟቸው፤ ምስሉም ጠራ።

እንግዲህ ጓደኞቼ ሆይ፣ ስሌታችንን ብቻ ሳይሆን መለኪያችንንም እንመርምር።