የለንደን ቁጣ ጎጌቲ አልደረሰም

ኅዳር 28 ቀን 1928 ዓ.ም. የእንግሊዙ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሳሙኤል ሆርና የፈረንሳዩ ጠቅላይ ሚኒስትር ፒየር ላቫል በጣሊያን የተወረረችውን ኢትዮጵያ ፓሪስ ላይ በካርታ ሸነሸኗት። ከትግራይና ከኦጋዴን ሰፊ መሬት ለጣሊያን፣ ለኢትዮጵያ ደግሞ ወደ አሰብ የሚወስድ ቀጭን መተላለፊያ። ከ8ኛው የሰሜን ኬክሮስ በታች ያለው አብዛኛው ደቡብ ለጣሊያን ሰፋሪና ኩባንያ እንዲከለል ተስማሙ። ይህ መስመር ከቡታጅራ ጥቂት ኪሎ ሜትር ወረድ ብሎ ያልፋል። ቡታጅራም ወልቂጤም ለጥቂት ተርፈዋል ማለት ነው፤ መትረፍ ከተባለ።

ምስጢሩ በቀናት ውስጥ በፓሪስ ጋዜጦች ላይ ወጣ፤ እንግሊዝም ታመሰች። የቁጣው ምክንያት ቀደም ብሎ የተገባ ቃል ነበር። በሰኔ 1927 ውጤቱ በተነገረ ሕዝባዊ የድምፅ አሰጣጥ ከ11 ሚሊዮን በላይ እንግሊዛውያን ተሳትፈው፣ አብዛኞቹ ወራሪን በኢኮኖሚ ማዕቀብ መቅጣትን ደግፈዋል። ሆር ራሱ ጄኔቭ ላይ ወረራን እንቋቋማለን ብሎ ነበር። ጠቅላይ ሚኒስትር ቦልድዊንም የኅዳሩን ምርጫ ያሸነፈው ለዓለም መንግሥታት ማኅበር እቆማለሁ እያለ ነው። ታይምስ ጋዜጣ የአሰቡን መተላለፊያ የግመል መንገድ እያለ ተሳለቀበት። መንግሥትን ከሁሉ ያስደነገጠው ግን በገዛ ፓርቲው የምክር ቤት አባላት ጠረጴዛ ላይ የተከመረው የመራጮች ደብዳቤ ይመስለኛል። ታኅሣሥ 8 ሆር ሥልጣኑን ለቀቀ፤ በወሩ ላቫልም ወደቀ።

ብዙ ጊዜ ታሪኩ እዚህ ላይ በሕዝብ ድል ይዘጋል። የወደቁት ግን ሰዎቹ ናቸው። ፖሊሲው ባለበት ቀጠለ። ማኅበሩ በጣሊያን ላይ የጣለው ማዕቀብ ነዳጅን አልነካም፤ የስዊዝ ቦይም ለጣሊያን መርከቦች ክፍት ነበር። ለንደን የባሕር ኃይሏን ለአደጋ ማጋለጥ አልፈለገችም፤ ፓሪስ ደግሞ ሙሶሊኒን ለጀርመን መመከቻ ትፈልገው ነበር። የተቆጣው ሕዝብም ቢሆን ወራሪው እንዲቀጣና ጦርነት እንዳይነሳ፣ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ይመኝ ነበር። ሆር ሲሄድ ቁጣው በረደ። የመርዝ ጋዙ መውረድ የጀመረው ደግሞ በዚያው ታኅሣሥ ነው።

አዲስ አበባ ሚያዝያ 27 ተያዘች። ጃንሆይ ለንደን ሲደርሱ ሕዝቡ በባቡር ጣቢያው ተሰብስቦ ተቀበላቸው፤ ንጉሡ ኤድዋርድ ግን አላነጋገራቸውም። ሲልቪያ ፓንክረስት ለኢትዮጵያ ጉዳይ ብላ ሳምንታዊ ጋዜጣ ከፈተች። ይህ ሁሉ እያለ ማኅበሩ በሐምሌ ማዕቀቡን አነሳ። ለአውሮፓ መንግሥታት ጦርነቱ አብቅቷል።

ጉራጌ ላይ ግን አላበቃም። ከሲዳሞና ከባሌ ጦር የተረፈው በራስ ደስታ ዳምጠው እየተመራ ወደዚህ አገር ገባና፣ የካቲት 12 ቀን 1929 ጎጌቲ ላይ የመጨረሻ ውጊያውን ገጠመ። ያው ቀን አዲስ አበባ ውስጥ በጣሊያኑ እንደራሴ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ የተወረወረበት ነው። ደጃዝማች ገብረ ማርያም ጋሪ እዚያው ወደቁ፤ የአዲስ አበባው የፈረንሳይ ትምህርት ቤት፣ ሊሴ ገብረ ማርያም፣ የሚጠራው በእኚህ ሰው ስም ነው። የላቫል አገር ትምህርት ቤት! ራስ ደስታ ቆስለው ቢያመልጡም ቡታጅራ አካባቢ ተይዘው የካቲት 17 ተገደሉ። የጃንሆይ ሌላው አማች ደጃዝማች በየነ መርድም ከፋሺስት ጥይት አልተረፉም።

የማዕቀቡ መነሳት ያኔ ሰባት ወር አልፎት ነበር። ስለ ጎጌቲ የለንደንን ጎዳና የሞላ ሰልፍ አልነበረም፤ ሥልጣኑን የለቀቀ ሚኒስትርም የለም። ጭራሽ በ1931 ኅዳር እንግሊዝ የጣሊያንን ግዛት በይፋ ተቀበለች። ሐሳቧን የቀየረችው ሙሶሊኒ በሰኔ 1932 በራሷ ላይ ጦርነት ካወጀ በኋላ ነው።