የትኩስ ቅጠል ኬሚስትሪ፦ የአሚኖች ባሕርይ ከሞያሌ መንገድ ሲታይ

ካቲኖን የተባለው አሚን በተባበሩት መንግሥታት የአደንዛዥ ዕፆች ቤተ ሙከራ ከጫት ቅጠል ተለይቶ ከታወቀ እ.ኤ.አ. በ2025 ግማሽ ምዕተ ዓመት ሞልቶታል። በግንቦት 2024 የኬንያዎቹ ሞምባሳና ኪሊፊ ካውንቲዎች ሙጉካ የሚባለውን የጫት ዓይነት ሲያግዱ የኤምቡ ገበሬዎች አጥብቀው ተቃውመው ስለነበር፣ የዚህ ሞለኪውል ነገር ከቤተ ሙከራ አልፎ የገበያና የሕግ ጥያቄ ከሆነ ቆይቷል። የአዲስ አበባና የናይሮቢ አውራ ጎዳና ድንበር በሚያቋርጥባት ሞያሌ፣ በአንደኛው ወገን ጫት፣ በሌላኛው ሚራ የሚባለው ይህ ቅጠል ለምን ትኩስ ሆኖ መድረስ እንዳለበት የሚያስረዳው የአሚኖች ባሕርይ ነው።

አሚን ማለት ከአሞኒያ ሦስት ሃይድሮጅኖች አንዱ፣ ሁለቱ ወይም ሦስቱም በካርቦናዊ ክፍል የተተኩበት ውሁድ ሲሆን፣ እንደ ተተኪዎቹ ብዛት አንደኛ፣ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ደረጃ ይባላል። የባሕርዩ ዋና ምንጭ ናይትሮጅኑ ለትስስር ሳያውላቸው የቀሩት ሁለት ኤሌክትሮኖች ናቸው።

በአካላዊ ባሕርይ ረገድ፣ የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ አሚኖች በሃይድሮጅን ትስስር እርስ በርሳቸው ይያያዛሉ፤ ናይትሮጅን ኤሌክትሮን የመሳብ ኃይሉ ከኦክስጅን ስለሚያንስ ግን ትስስሩ ከአልኮሎች ይላላል። ክብደታቸው ከሚቀራረበው ከፕሮፔን፣ ከኢታይልአሚንና ከኢታኖል መካከል የመጀመሪያው ከዜሮ በታች በ42፣ ሁለተኛው በ17 ገደማ፣ ሦስተኛው በ78 ዲግሪ ሴልሺየስ መፍላታቸው ይህንኑ ያሳያል። በናይትሮጅኑ ላይ ሃይድሮጅን የሌለው ትራይሚታይልአሚን ደግሞ በ3 ዲግሪ ገደማ ስለሚተን፣ የቆየ ዓሣ ሽታው በቀላሉ አፍንጫ ይደርሳል።

ኬሚካላዊ ባሕርያቸው ከቤዝነት ይጀምራል፤ ነጻዎቹ ኤሌክትሮኖች ከአሲድ ፕሮቶን ተቀብለው አሚኑን ጨው ያደርጉታል። ሎሚ የዓሣን ሽታ የሚያጠፋውም የሚተነውን አሚን ወደማይተን ጨው ስለሚለውጠው ነው። ጨው የሆነ አሚን በውኃ፣ ነጻ የሆነው በስብ ይሟሟል፤ ጫት በጉንጭ ተይዞ ሲቆይ አነቃቂው ነገር በአፍ ውስጠኛ ሽፋን በኩል ወደ ደም የሚያልፈውም በዚህ መንገድ ነው። በቀለም ኢንዱስትሪ ስሙ የሚነሳው አኒሊን ኤሌክትሮኖቹን ለቤንዜን ቀለበት ስለሚያካፍል ቤዝነቱ ደካማ መሆኑን መጥቀስ እዚህ ይበቃል።

ካቲኖን ግን ከዚህ ሁሉ በላይ ትኩረት ይገባዋል። በሞለኪውሉ ውስጥ ኤሌክትሮን ሰጪው አሚንና ኤሌክትሮን ተቀባዩ ካርቦኒል፣ ማለትም በድርብ ትስስር የተያያዙት ካርቦንና ኦክስጅን፣ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። በዚህ ምክንያት ከአሲድ ተለይቶ ነጻ ሲወጣ የአንዱ ሞለኪውል አሚን የሌላውን ካርቦኒል ይይዝና ሁለቱ ተጣምረው ሌላ ውሁድ ይሆናሉ፤ በጨው መልክ ሲያዝ ግን ይረጋጋል። ቅጠሉ ሲጠወልግ ደግሞ ካርቦኒሉ ወደ አልኮል ተለውጦ ካቲኖን ኃይሉ እጅግ በሚያንሰው ካቲን ይተካል፤ ካቲን በደረቅ ቅጠል ቀድሞ የታወቀው፣ ካቲኖን ግን እስከ 1975 ሳይለይ የቆየው በዚህ ምክንያት ነው። ዙርባው በኮባ ወይም በሙዝ ቅጠል ተጠቅልሎ እርጥበቱ መጠበቁ፣ የጫኝ መኪናዎች ጥድፊያ፣ የገራባ ዋጋ መርከስ፣ ሁሉም ይህንን የሞለኪውል ሰዓት የሚታዘዙ ናቸው፤ የምርቃናው ብርታትም የሚወሰነው በዚያው ሰዓት ነው።

ሕጉ በሞለኪውሉና በቅጠሉ መካከል ሲዋልል ኖሯል። የ1971 ዓለም አቀፍ ስምምነት ኋላ ላይ ካቲኖንን በአንደኛው፣ ካቲንን በሦስተኛው መዝገብ ቢያሰፍርም፣ የዓለም ጤና ድርጅት ባለሙያዎች ኮሚቴ በ2006 ቅጠሉ ራሱ ዓለም አቀፍ ቁጥጥር አያስፈልገውም አለ፤ ብሪታንያ ግን በ2014 አገደችው። እንቅልፍ ማጣትና የልብ ምት መፍጠን እውነተኛ ጉዳቶች ስለሆኑ ክርክሩ ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ትኩስ ዙርባንና የሰነበተ ገራባን አንድ አድርጎ የሚመዝን ደንብ በሁለቱ ውስጥ ያለውን የተለያየ ኬሚስትሪ ስቷል። በሞያሌ ያለው ሸማች እርጥበቱንና የቅጠሉን ቀለም አይቶ ይህን ልዩነት በእጁ ይለያል፤ ሕግ አውጪዎችም ቢያንስ ይህን ያህል ሊለዩ ይገባል።