ቢከፍት ድንጋይ፣ ቢዘጋ እሽግ

ነሐሴ 1 ቀን 2008 ባሕር ዳር ላይ በተደረገው ሰልፍ በትንሹ 30 ሰው መገደሉን አምነስቲ ኢንተርናሽናል ገለጸ። ወሩ ሳያልቅ የሆላንዶቹ የኤስሜራልዳ አበባ እርሻ ተቃጠለ፤ ኩባንያውም 10 ሚሊዮን ዩሮ ያህል እንደከሰረ ተናግሮ ከአገር ለመውጣት ወሰነ። አኀዙን አወቅነው፤ ኩባንያ ሒሳብ ያዥ አለውና። የሁከት ትልቁ ዕዳ የሚከፈለው ግን ከእሳቱ ርቆ፣ ሒሳብ ያዥ በሌለበት ነው ባይ ነኝ።

የፋግታ ለኮማ ወረዳ ከተማ የሆነችውን አዲስ ቅዳምን እንይ። የወረዳው ገበሬ አሲድ ባጠቃው መሬቱ ላይ ዲከረንስ የተባለውን ዛፍ ይተክላል፤ በመጀመሪያው ዓመት በመካከሉ ጤፍ ይዘራል፣ ቀጥሎ ሣሩን ያጭዳል፣ በአራት በአምስት ዓመቱ ቆርጦ ያከስለዋል። ከሰሉ በጆንያ ታስሮ መንገድ ዳር ይደረደርና በእንጅባራና በደብረ ማርቆስ አድርጎ አዲስ አበባ ይገባል። ያ አስፋልት ሲዘጋ እዚህ አንድ መስታወት ሳይሰበር የነሐሴ ዝናብ ጆንያውን ያበሰብሰዋል፣ ደላላውም ዋጋ ይሰብራል። ባለሱቁ ዘይትና ሳሙና በዱቤ የሚሰጠው የቅዳሜው ገበያ እንደሚውል ስለሚተማመን ነው፤ ያ ሲላላ ዱቤውም ዕቁቡም አብሮ ይላላል። ከሐምሌ 2015 ወዲህ በአማራ ክልል ያለው ሁከት ሳይሆን የትጥቅ ግጭት ነው ይባል ይሆናል። ልክ ነው፤ ለጭነት መኪናው ግን የተዘጋ መንገድ ያው የተዘጋ መንገድ ነው።

«ሰው በሞተበት ስለ ሱቅ ይወራል?» የሚል ቁጣ አለ፤ ተገቢም ነው። ሟች ይቀድማል። ነገር ግን ኪሳራው የሚያርፈው በዚያው በሟች ሰፈር ላይ ነው። አሜሪካ ውስጥ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የተነሱትን ሁከቶች ያጠኑት የምጣኔ ሀብት ሊቃውንት ኮሊንስና ማርጎ፣ ሁከቱ በበረታባቸው ከተሞች የጥቁሮች ቤት ዋጋ ወድቆ በ1980ም እንዳላንሰራራ አሳይተዋል። ዋጋቸው የወደቀው የተበዳዮቹ ቤቶች ናቸው።

ጥፋቱን ሁሉ ድንጋይ በወረወረው ወጣት ላይ መጫን ደግሞ ሌላ ማምለጫ ነው። አድማ ሲመታ ነጋዴው ቢከፍት ድንጋይ፣ ቢዘጋ የአስተዳደሩ እሽግ ይጠብቀዋል፤ አሻጊውም ገበያውን እኩል ይሰብራል። መድን አለ እንዳይባል፣ የተለመደው የእሳት ውል ሁከትን አይጨምርም፤ ሽፋኑ በተጨማሪ ክፍያ ይገዛል። የአዲስ ቅዳም ባለሱቅ መድኑ የዱቤ ደብተሩ ነው፤ እዚያ ላይ የሰፈሩት ስሞች ደግሞ ሁሉም ከሰላቸው እንዲጫን የሚጠብቁ ናቸው።